ይድረስ ለአባቴ፣ ስለ እሑዱ ዝምታ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ለአባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ከቤቴ እስከ ቤትዎ የሩብ ሰዓት መንገድ ሆኖ ሳለ ደብዳቤ መጻፌ ሳያስገርምዎ አይቀርም። ፊትዎ ስቀርብ ቡናውን ቀድቼ፣ አንገቴን ደፍቼ እመለሳለሁ እንጂ የልቤን ተናግሬ አላውቅም። ዓይንዎ ስለ ደከመ የምታነብልዎ የልጅ ልጅዎ ናት። እርሷም እንድትሰማው ፈልጌ ነው።

ያለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰበካ ጉባኤ ምርጫ ሲደረግ አንዲት እናት ተነሥተው እኔን ለምክትል ሊቀ መንበርነት ጠቆሙ። እኔ እንኳ አልጠበቅሁም ነበር። ደጋፊም ተገኘ። ከዚያ አንድ ሰው ብድግ ብለው «ሴት ልታስተምር ወይም በወንድ ላይ ልትሰለጥን አልፈቅድም» የሚለውን የጳውሎስን ቃል ጠቀሱ፤ «ይህ የመናፍቃን ልማድ ነው፤ ወደ ቤታችን አይገባም» አሉ። ያን ጊዜ አዳራሹ ሁሉ ወደ እርስዎ ዞረ። አርባ ዓመት መጽሐፍ ሲተረጉሙ የሰማ ሕዝብ ከመሪጌታው አፍ አንዲት ቃል ጠበቀ። እርስዎ የመቋሚያዎን ራስ በአውራ ጣትዎ እያሻሹ ወለሉን አዩ። ስሜ ተሰረዘ። «የሙዳየ ምጽዋት ቆጠራ ላይ ትርዳን» ተባለ።

አባቴ፣ ሰውየው የተናገሩት ብዙ አልከበደኝም። ሌሊቱን ያስለቀሰኝ የእርስዎ ዝምታ ነው።

ያስታውሱ እንደሆነ፣ ወንድሜን ዳዊት ሲያስጠኑት እኔና እናቴ ጓዳ ሆነን ለመገበሪያ የሚሆነውን ስንዴ እንለቅም ነበር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ስንዴውን ሰፌድ ላይ በትና አንዷን ፍሬ እንኳ ሳትመረምር አታሳልፍም፤ ነቀዝ የነካውን፣ የተሰበረውን በጥፍሯ ጫፍ እያነሣች ታወጣለች። «ሥጋ ወደሙ የሚሆን ነው» ትለኝ ነበር። አንድ ማታ ወንድሜ «ወዘኢቆመ ውስተ ፍኖተ ኃጥኣን» ብሎ ቆመበት። ደግመው ጠየቁት፤ ዝም አለ። እኔ ከጓዳ «ወዘኢነበረ ውስተ መንበረ መስተሳልቃን» አልኩ። እናቴ ደንግጣ አፌን ያዘችኝ። እርስዎ ግን ስቀው ጠሩኝና መዝሙሩን እስከ መጨረሻው አስባሉኝ። ስጨርስ ራሴን ዳብሰው «ምነው ወንድ በሆንሽ!» አሉኝ።

በፍቅር እንዳሉት አውቃለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዛሬ አርባ ስድስት ሆኖኝም ያ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። በማግስቱ ወንድሜ ትምህርቱን ቀጠለ፤ እኔ ወደ ስንዴው ተመለስኩ። ወንድሜ በኋላ ትምህርቱን ትቶ ሹፌር ሆነ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ዳዊቱን በቃሌ እደግማለሁ።

ክህነት ጠይቄ አይደለም፤ መቅደስ ልግባም አላልኩም። የተጠቆምኩት ስብሰባ ለመምራትና ሒሳብ ለመከታተል ነው፤ በፋብሪካው ሃያ ዓመት የኖርኩበት ሥራ ነው። የሰበካ ጉባኤው መተዳደሪያ ደንብ፣ ቃለ ዓዋዲው፣ የጉባኤውን አባላት ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ምረጡ ይላል። አንብቤዋለሁ። ምእመናን ማለት ወንዶች ብቻ ነን የሚል ካለ ያሳየኝ። ሲለመንና ሲታነጽ ምእመናን የነበርን ሴቶች፣ ወንበር ላይ ሲደረስ ከየት ወጣን? ቤተ ክርስቲያናችን የቆርቆሮ መቃኞ ሳለች ዓለም ገና መገንጠያው ላይ ጥላ ዘርግተው፣ የከባድ መኪና አቧራ እየጠጡ የለመኑት እናቶች ናቸው። አሸዋውን በከረጢት ያመላለሱት የሰንበት ትምህርት ቤት ሴት ልጆች ናቸው። ይህን እርስዎም ቆመው አይተዋል።

ስለ ጥቅሱ ደግሞ እኔ ለእርስዎ አልተረጉምም፤ የተማርኩት ከእርስዎ ነው። ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያ መልእክት የተጻፈው ለጢሞቴዎስ ነው፤ ጢሞቴዎስ ያን ጊዜ በኤፌሶን ነበር። አጵሎስን፣ ያን በመጻሕፍት የበረታውን ሰው፣ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ ይበልጥ በትክክል የገለጡለት ጵርስቅላና አቂላ ናቸው፤ ያም የሆነው በዚያው በኤፌሶን ነው። ጳውሎስ ለዚያው ለጢሞቴዎስ በሁለተኛው መልእክቱ መጨረሻ ሰላምታ ሲልክ የጵርስቅላን ስም ከባሏ ስም አስቀድሞ ጠራ። ለሮሜ ሰዎችም በክንክራኦስ ያለችውን ቤተ ክርስቲያን የምታገለግለውን ፌቤንን አደራ ብሎ፣ ለብዙዎችና ለራሱም ደጋፊ እንደ ነበረች መሰከረላት። ታዲያ አንዱ ቃል በጉባኤ ሲነበብ ሌላው የሚታጠፈው ለምንድን ነው?

«የመናፍቃን ልማድ» ላሉትም መልስ አለኝ። መካነ ኢየሱሶች ሴቶችን በቅስና መሾም የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ እኔ የእነርሱን አልተበደርኩም። የእኛይቱ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት አልቀበልም ብላ ከጦር አዛዡ ባሏ ተለይታ ወጣች፤ ተከሰሰች፣ ተጋዘች፣ አልተመለሰችም። በጣና ዙሪያ የሰበሰበቻቸውን ማኅበራት፣ ወንዶችም ሴቶችም የሚኖሩባቸውን፣ የመራች እርሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1642 ዐረፈች፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ገድሏ ተጻፈ። ኅዳር 17 ቀን የምናከብራትን እናት አመራር የመናፍቃን ነው የሚል ማን ነው?

እማሆይ ገላነሽ ሐዲስንስ ማን ነገረኝ? እርስዎ አይደሉም? በጎጃም የቅኔ ተማሪ ሳሉ የሰሙትን ዝና ክረምት ክረምት እሳት ዳር እየተረኩ አሳደጉን። ዓይነ ሥውር ሴት፣ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፣ አኩፋዳ ያንጠለጠሉ ወንዶች ተማሪዎች ከየአገሩ መጥተው እግራቸው ሥር ይቀመጡ ነበር። እኔ በልጅነቴ ስለ ቅኔያቸው ሳይሆን ስለ አባታቸው ነበር የማስበው። «ምነው ወንድ በሆንሽ» ብለው አልተዉአቸውም፤ አስተማሯቸው። ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ እንዳስቀይምዎ ብዬ ግን አይደለም።

ሰበታ ከተማ ውስጥስ የጌቴሴማኒ ሴት መነኮሳት ገዳም አለ አይደል? በልጅነቴ ይዘውኝ ሄደው የእመምኔቷን እጅ እንድስም አድርገዋል። ገዳም የምትመራ ሴት መጠሪያዋ በቋንቋችን ውስጥ ከጥንት አለ። እኛ ነን የረሳነው።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ምን ብላ ጠየቀችኝ መሰለዎ? «እማዬ፣ አያቴ ስምሽን ሲሰርዙት ለምን ዝም አሉ?» መልስ አጣሁ። «ደክሟቸው ይሆናል» አልኳት፤ እንዳላመነችኝ ከዓይኗ አየሁ። ሰባተኛ ክፍል ናት። ውዳሴ ማርያምን በቃሏ ጨርሳለች፤ አሁን ቅኔ መማር እፈልጋለሁ እያለች ነው። ይህን የምታነብልዎ እርሷው ስለሆነች ድምጿን ያዳምጡ፤ ከግዕዙ ስትደርስ እንደ እርስዎ ነው የምታሳርፈው።

የተመረጡት ስም ዝርዝር በመጪው እሑድ ለምእመናን ይነበባል፤ ቅሬታ ያለው ይናገር ተብሏል። እኔን ያስመርጡኝ ብዬ አልለምንዎትም፤ ሌላ ሴት ብትሆንም ደስ ይለኛል። ያ ጥቅስ ዳግመኛ ከተነሣ ግን የጵርስቅላንም፣ የፌቤንንም ለጉባኤው ይንገሩልኝ። ከእኔ አፍ ከሆነ አይሰሙትም፤ ከእርስዎ ይሰሙታል።

ከቅዳሴ በኋላ መጥቼ ክንድዎን ይዤ ወደ አዳራሹ አስገባዎታለሁ። ጋቢዎን አጥቤዋለሁ፤ ልጅቷ ይዛልዎ መጥታለች።

ልጅዎ