ድንጋዩን አትንካ

አዲስ አበባ፣ ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ማሙሽዬ፣ ልጄ፤

እንዴት ነህ? ጨጓራህስ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጉልበቴ ብርዱ ሲመጣ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ የለብኝም።

በስልክ ልነግርህ ነበር ያሰብኩት። ግን በስልክ አንተ ቶሎ ትቆጣለህ፣ እኔ ቶሎ አለቅሳለሁ። ስለዚህ ጻፍኩልህ። እህትህ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። እስከ መጨረሻው አንብበው።

ቪዲዮውን አይቼዋለሁ። መጀመሪያ የነገሩኝ የማኅበር ሰዎች ናቸው። «ልጅሽ ቲክቶክ ላይ ወጥቷል፣ ጀግና ነው!» አሉኝ። ደስ እንዲለኝ ብለው ነው። ቤት ገብቼ እህትህ ከፈተችልኝ። ሮም፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ የዶጋሊ ሐውልት አጥር ላይ ወጥተሃል። በእጅህ ቀይ ቀለም ይዘሃል። ጓደኞችህ ይጮኻሉ። «የካቲት 12 እንመለሳለን፣ ያን ቀን ድንጋዩ ቀይ ይሆናል» ትላለህ።

ድንጋዩን አትንካ። ሰምተኸኛል? ድንጋዩን አትንካ።

ሶጆርኖህ፣ የመኖሪያ ፈቃድህ፣ ገና አልታደሰም። ክዌስቱራ፣ ፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ፣ ሄደህ የጣት አሻራ የሰጠኸው በኅዳር ነው ብለኸኝ ነበር። አንድ ፖሊስ ስምህን ከጻፈ ስድስት ዓመት የለፋህበት ነገር ምን ይሆናል? የደረሰኙን ፎቶ ዛሬውኑ ላክልኝ። ዋናውን በፕላስቲክ አድርገህ አስቀምጥ፣ እንደ ባለፈው ኪስህ ውስጥ እንዳይርስ።

ድንጋዩ እንደሚያናድድ አውቃለሁ። እንድትናደድበት ያስተማርኩህ እኔው ነኝ። የታሪክ አስተማሪ ልጅ ሆነህ ተርሚኒ በር ላይ ቆመህ ዝም ትላለህ ብዬ አልጠብቅም። ግን ነገሩን በደንብ ሳላስረዳህ ነው የላክሁህ። አሁን ልንገርህ።

ጣሊያኖች ምፅዋን የያዙት በ1877 ነው። ከዚያ ቀስ እያሉ ወደ ውስጥ ገፉ፣ ሰሐጢ ላይም መሸጉ። ራስ አሉላ ይህን አልታገሡም። በጥር 1879 ምሽጉን መቱ፤ አልሆነላቸውም። በማግስቱ ግን ለዚያ ምሽግ ስንቅና ጥይት ይዞ የሚሄደውን ጦር ዶጋሊ ላይ አገኙት። አምስት መቶ ያህል ሰው ነበር። አዛዡ ዴ ክሪስቶፎሪስ እዚያው ሞተ። ከአራት መቶ በላይ ወታደር አለቀ። የተረፉት ሰማንያ ያህል ቁስለኞች ናቸው።

ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ዲ ሮቢላንት ፓርላማ ቆሞ ስለ እኛ ሰዎች ሲናገር «አራት ዘራፊዎች» ብሎ ነበር። አየህ፣ እነዚያን ልጆች የገደላቸው የአሉላ ጦር ብቻ አይደለም። ይህ ንቀትም ገድሏቸዋል። ወሬው ሮም ሲደርስ መጠየቅ የነበረበት «ማን ላካቸው? ለምን ላካቸው?» ተብሎ ነው። የጠየቀም አልጠፋም። አንድሬያ ኮስታ የሚባል ሶሻሊስት የፓርላማ አባል «አንድም ሰው፣ አንድም ሳንቲም አንሰጥም» ብሏል። አልሰሙትም።

በጥያቄው ፈንታ ተረት መጣ። ሊረዳቸው የሄደው ጦር ሬሳቸውን እንደ ሰልፍ ተደርድሮ አገኘው ተባለ። ከጥንቶቹ ሦስት መቶ ስፓርታውያን ጋር አወዳደሯቸው። ሽንፈት የሚለው ቃል ጠፋ። «አምስቱ መቶ» የሚባል ስም ተወለደ። በዚያው ዓመት ከግብፅ በጥንት ዘመን የመጣ፣ የፈርዖን ራምሴስ ሐውልት ባቡር ጣቢያው ፊት ቆመላቸው። የሟቾቹ ስም ተጻፈበት። አደባባዩም በእነሱ ተሰየመ። አንተ በየቀኑ አውቶቡስ የምትጠብቅበት ፒያሳ ዴይ ቺንክዌቼንቶ ማለት ይኸው ነው። ሐውልቱን ራቅ አድርገው አሁን ያለበት ቦታ የወሰዱት በኋላ ነው።

ከተረቱ በስተጀርባ ያለው ነገር ግን አላረፈም። ዶጋሊን እንበቀል እያሉ ሄደው ሄደው ዐድዋ ደረሱ። ዐድዋን እንበቀል ብለው ደግሞ በ1928 በመርዝ ጋዝ መጡብን። እዚያ አገር ነገር ሲዘበራረቅ «አምባራዳን» ይላሉ ብለህ ነግረኸኝ ነበር። ቃሉ የመጣው ከአምባ አራዶም ነው። የራስ ሙሉጌታ ጦር የረገፈበት ተራራ ነው። አሁን የተዝረከረከ ክፍል ስም ሆኗል። የሚሉት ሰዎች ከየት እንደመጣ አያውቁትም፣ አትቆጣቸው። ንገራቸው።

የኛን አንበሳ ደግሞ ታውቀዋለህ። ለገሃር ፊት ለፊት ያለው። ትንሽ ሆነህ ትከሻዬ ላይ አስቀምጬ አሳይቼሃለሁ። ለንግሥ በዓሉ፣ በ1923 የቆመ ነው። ጣሊያን ነቅሎ ወሰደውና እዚያው የዶጋሊ ሐውልት ሥር አስቀመጠው። ከባቡር ጣቢያ ወደ ባቡር ጣቢያ። ዘርአይ ደረስ በ1930 የተንበረከከው በዚያ አንበሳ ፊት ነው።

በቪዲዮው ላይ «ዘርአይ እዚህ ቦታ አምስት ፋሺስት ገደለ» ስትል ሰማሁህ። ልጄ፣ ይህንንም ያልኩህ እኔ ነኝ። ለስንት ዓመት ተማሪዎች አስተምሬዋለሁ። በኋላ መዛግብቱን ያገላበጡ ሰዎች የጻፉትን አነበብኩ። ያገኙት የቆሰሉ ሰዎችን እንጂ የሞተ አይደለም። ዘርአይን ግን እብድ ነው ብለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ዘጉበት። ሰባት ዓመት። ሲሲሊ ውስጥ እዚያው ሞተ፣ በ1937፣ እኛ ነፃ ከወጣን ከአራት ዓመት በኋላ። ሰው አልገደለም ብል ያንሳል? ለእኔ አላነሰም። እንዲያውም ሰባቱን ዓመት ካወቅሁ ወዲህ ነው ስሙ ሲጠራ እንባዬ የሚመጣው። አምስት ገደለ ስንል ሰባቱን ዓመት ረሳናቸው።

ድንጋዩን አትንካ። እንዳንተ ያለ ጥቁር ልጅን «አብዷል» ብሎ መዝጋት ለማንም ቀላል ነው።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። ቪዲዮው ላይ አንድ ሌላ ነገር ብለሃል። «አያቴ ማይጨው ላይ መትረየስ የማረከ ጀግና ነው» ብለሃል።

አልማረከም፣ ማሙሽ።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ነበር። ይህ እውነት ነው። ከመንዝ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ነው የዘመተው። ወንድሙ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። መትረየሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት ልጅ ሆነህ ከትምህርት ቤት መጥተህ «አባባ በጦርነቱ ምን ሠራ?» አልከኝ። የጓደኞችህ አያቶች ሁሉም አንዳንድ ነገር ሠርተው ነበር። ምን ልበልህ? መትረየስ ማረከ አልኩህ። ደስ ብሎህ ጓሮ ስትሮጥ አሁንም ይታየኛል።

እውነቱን ላወቅሁበት ቀን ልውሰድህ። ጥር 1979 ነው። የዶጋሊ መቶኛ ዓመት በመንግሥት ይከበር ነበር። አንተ አልተወለድክም። እኔ ወጣት አስተማሪ ነኝ። ለክፍሌ የታሪክ ምስክር ላምጣ ብዬ አባባን ይዤው ሄድኩ። ነጭ ጋቢውን ለብሷል። ሜዳሊያዎቹን እኔ ነኝ ደረቱ ላይ ያደረግሁለት። ተማሪዎቹ ሲገባ ተነሥተው ቆሙ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

አባባ ተቀመጠ፣ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። ስለ ማይጨው ውጊያ ሁለት ዐረፍተ ነገር ተናገረ፤ ከዚያ አለፈው። «ሐሸንጌ ሐይቅ ዳር ደረስን» አለ። «ሰው ውሃ ሊጠጣ ይጎነበሳል፤ እዚያው ይቀራል። አውሮፕላኑ ካፊያ የመሰለ ነገር ይረጫል፤ የነካው ቆዳ ይላጣል። እኛ እንሮጣለን። የወደቀውን እየረገጥን እንሮጣለን። ወንድሜ ዓይኑ ጠፋ። እጄን ያዘኝ አለኝ። ያዝኩት። ከዚያ ለቀቅሁት።»

ክፍሉ ጭጭ አለ። ከኋላ አንዲት ተማሪ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ምን እንዳደረግሁ ታውቃለህ? ፈራሁ። በር ላይ የቆሙት የትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች ይሰማሉ። ጦርነት አለ፣ ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና ይመለመላል፣ እኔ ስለ ሽሽት የሚያወራ ሰው አምጥቻለሁ። «ተማሪዎች፣ ለጀግናው አባታችን ጭብጨባ!» አልኩ። አጨበጨቡ። ረጅም ጭብጨባ።

አባባ አየኝ። አልተቆጣም። «ጨርሻለሁ» አለና ተነሣ። ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረም። አራት ዓመት ቆይቶ ሞተ። በእነዚያ አራት ዓመታት ሐሸንጌ የሚለውን ቃል ከአፉ አልሰማሁም። ልጠይቀው እችል ነበር። ቡና እያፈላሁ፣ አጠገቤ ተቀምጦ፣ እችል ነበር። አልጠየቅሁትም።

ለዚህ ነው አምስቱ መቶ የሚባለውን ድንጋይ ሳስብ ራሴን ክፍሉ ውስጥ የማገኘው። እነሱ ሬሳ አሰለፉ፣ እኔ አጨበጨብኩ።

ሚያዝያ 27ን አስበው። በየዓመቱ የድል በዓል ብለን እንዘጋለን። በ1933 ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡበት ቀን ነው። ግን በ1928 ጣሊያን አዲስ አበባ የገባውም ሚያዝያ 27 ነው። ልክ በአምስተኛው ዓመት። አንዱ ቀን አንዱን እንዲሸፍነው ሆኖ ነው የተመለሱት። የተሰበረ ሕዝብ ቀና እንዲል ይህ ያስፈልግ ነበር፣ አልክድም። አርበኞቹም ያለ ሐሰት ጀግኖች ናቸው፣ አምስት ዓመት ጫካ ማደር ቀላል አይደለም። መጋቢት 22 ግን በዓል የለውም። አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሬው አልፈዋለሁ፤ ዐድዋን ሳምንት ሙሉ ነበር የማስተምረው። ሐሸንጌ ዳር የቀረው ልጅ በየትኛው ቀን ይታሰብ?

እነዚያ ጣሊያኖች ቢያንስ ስማቸው ተጽፏል። የአሉላ ወታደሮች ስም የተቀረጸበት ድንጋይ እኔ አይቼ አላውቅም። የአጎቴም የለም።

ዝም በል ማለቴ አይደለም፣ እንዳትሳሳት። ራስ አሉላ መብት ነበራቸው፣ አገራቸው ነው፣ አሸነፉ። ለዚህ አንገትህን አትድፋ። አብረውህ የሚሠሩትን ጣሊያኖች እሁድ ወደዚያ ውሰዳቸው። ስሞቹን አንብቡ። አደባባዩ ለምን እንዲህ እንደተባለ ንገራቸው፤ አብዛኞቹ ቺንክዌቼንቶ ሲባል የዘመን ስም፣ በእነሱ አቆጣጠር 1500ዎቹ፣ ይመስላቸዋል ብለኸኛል። ስለ አያትህም ንገራቸው። እንደሆነው ንገራቸው፣ መትረየሱን ተወው። ግን እጅህ ኪስህ ውስጥ ይሁን። ቀለም የያዘ እጅ ካዩ አፍህ የሚለውን የሚሰማ የለም።

ቪዲዮውን ዛሬ አጥፋው። ቀለሙን ጣለው። ጓደኞችህ ፈሪ ካሉህ «እናቴ ናት የከለከለችኝ» በላቸው፣ እኔን ይሳደቡ። የካቲት 12 ቀን ሥራ ግባ። ካልሆነ ቤተ ክርስቲያን ሂድና ለሰማዕታቱ ጸልይ። ከዚያ ቀጥታ ቤትህ።

በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቻለሁ። የጎረቤታችን ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሚላኖ ይሄዳል፣ በእሱ እጅ ነው የምልክልህ። በርበሬውን ለጨጓራህ ብዬ ለስላሳ አድርጌዋለሁ። ባዶ ሆድህን ቡና አትጠጣ። ወፍራሙን ካልሲ አድርግ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደውልልኝ። እህትህም ትኖራለች። ሐሸንጌ የቀረውን የአጎቴን ስም ያን ጊዜ እነግርሃለሁ። በቤታችን ጮክ ብሎ የጠራው ሰው የለም፣ አብረን እንጠራዋለን። አንተም በዚያው የደረሰኙን ቁጥር ታነብልኛለህ፣ እኔ እዚህ ደብተር ላይ እጽፈዋለሁ።

ድንጋዩን አትንካ፣ የኔ ጌታ።

እናትህ