ጉዳዩ፦ ድጎማ የተደረገበት ማዳበሪያ በዋጋው፣ በክብደቱና በጊዜው እንዲደርሰን ስለመጠየቅ

ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራችን ጽሕፈት ቤት
ምዕራብ ጎጃም

ጤና ይስጥልኝ። የማኅበሩ አባል ነኝ፤ በቆሎ አምራች ነኝ። ይህን በቃል ብናገር ይረሳል ብዬ ጻፍኩት።

መንግሥት ለእኛ የሚሰጠው ድጎማ በእጅ የሚቆጠር ብር አይደለም። ማዳበሪያው በዶላር ተገዝቶ፣ በጅቡቲ ገብቶ፣ ማኅበራችን በታቀፈበት ዩኒየን (የማኅበራት ኅብረት) በኩል መጋዘናችሁ ሲደርስ ከዋጋው ላይ ተቀንሶ ነው የሚመጣው። በ2014 የዓለም ዋጋ ሰማይ ሲነካ 15 ቢሊዮን ብር የተመደበው ለዚሁ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ ያለ ድጎማ ስንቱ ገበሬ ማዳበሪያ እንደሚገዛ እናንተም ታውቁታላችሁ። ለእኔ ድጎማ ማለት እንግዲህ እናንተ በምትቆርጡልኝ ደረሰኝ ላይ ያለው ዋጋ ነው። ሌላ ቦታ አላገኘውም።

የከፈልኩትና ደረሰኙ ግን አይገናኙም። በየኩንታሉ 300 ብር ጨምሬያለሁ። ለምን ስል አንዴ «የጫኝና አውራጅ ነው»፣ አንዴ «የትራንስፖርት ነው» ተባልኩ። ሁለቱም ቢሆን ቅር አይለኝም፤ መኪና በነፃ አይሄድም። ታዲያ ደረሰኙ ላይ ለምን አይጻፍም? እኔ በተገኘሁበት ጠቅላላ ጉባኤ እንዲህ ያለ ክፍያ አልተወሰነም። ተወስኖ ከሆነ ቃለ ጉባኤውን አሳዩኝ።

የከረጢቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ከወሰድኳቸው የሁለት ከረጢቶች አፍ በፋብሪካ ክር አልተሰፋም። በጥቁር ሲባጎ፣ ያውም በጥድፊያ፣ የድሮው ቀዳዳ እየታየ ነው የተሰፋው። እህል ነጋዴ ሚዛን ላይ ባስቀምጠው 50 ኪሎ የተባለው 46 መዘነ። ማን እንደፈታው አላየሁም፣ የማንንም ስም አላጠፋም። አንዱን ከረጢት ግን አልከፈትኩትም፤ ኑና መዝኑት።

ዩሪያ ለተባለው ማዳበሪያ በሚያዝያ ከፈልኩ። የደረሰኝ ነሐሴ ከገባ ነው። በቆሎ ዩሪያ የሚፈልገው ጉልበት ሲደርስ፣ በኩትኳቶ ጊዜ ነው፤ የእኔው ፀጉር ማውጣት ጀምሮ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። መጋዘናችን ባዶ ነው በተባለበት ሰሞን ጎረቤቴ ከተማ ወርዶ ከነጋዴ በውድ ዋጋ ገዛ። ነጋዴው ከየት አመጣው የሚለውን ለቁጥጥር ኮሚቴው ትቼዋለሁ፤ ሥራው ነውና።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። 300 ብሩ ወይ ደረሰኝ ይቆረጥለት፣ ወይ ይመለስልኝ። የጎደለው ኪሎ ይተካ። ያልተጠቀምኩበትን ዩሪያ መልሳችሁ ውሰዱና ገንዘቤን ስጡኝ። እስከ ከርሞ አስቀምጠው ብትሉኝ እርጥበት ስቦ ድንጋይ ይሆንብኛል። ጤፍ ዘግይተው የዘሩ አባላት አሁን ይፈልጉታል፤ ቶሎ ከሆነ ለእነሱ ይደርሳል። ስለዚህ የዩሪያው መመለስ ሌላውን ጥያቄ ሳይጠብቅ በዚህ ሳምንት ይጠናቀቅ።

ለሚቀጥለው መኸር ደግሞ ሽያጭ ከመጀመሩ በፊት የዩኒየኑ ዋጋ፣ የትራንስፖርቱና የማኅበሩ ድርሻ ተለያይቶ መጋዘኑ በር ላይ ይለጠፍ። ሚዛንም እዚያው ይቀመጥ። ማንበብ የማይችል አባል ልጁን ይዞ ይመጣል።

ማኅበሩ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚተዳደር የአባላት ንብረት ነው። እኔም እንደ ሊቀመንበሩ አንድ ድምፅ አለኝ። የምጠብቀው በማኅተም የተደገፈ የጽሑፍ መልስ ነው። መስከረም እስኪያልቅ ካልደረሰኝ ደረሰኞቼንና ያልተከፈተውን ከረጢት ይዤ ወረዳ እሄዳለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የማኅበሩ አባል አርሶ አደር

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ ቁጥጥር ኮሚቴ
ለወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት