የወታደር ልጅ የጤና መዝገብ ከወላጁ ዝውውር ጋር ይሂድ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ መከላከያ ሠራዊት አባላት ቤተሰቦች ሲነሳ በብዛት የሚነገረው ስለ ደመወዝ፣ ስለ መኖሪያ ቤትና ስለ ጡረታ ነው። በካምፕ አቅራቢያ በሚገኝ ጤና ጣቢያ በእናቶችና ሕፃናት ክፍል ለዓመታት ያገለገልኩ ነርስ እንደመሆኔ፣ ወላጅ በተዛወረ ቁጥር ስለሚቋረጠው የልጆች የጤና ክትትል ጥቂት ለማለት እወዳለሁ።

በአገራችን የክትባት መርሐ ግብር መሠረት ሕፃን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ከተከተበ በኋላ የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት የሚወስደው በ9 ወሩ፣ ሁለተኛውን በ15 ወሩ ነው። በእነዚህ ቀጠሮዎች መካከል ባሉት ረጃጅም ወራት የወታደር ሚስት ዕቃዋን ጠቅልላ ወደማታውቀው ከተማ ልትሄድ ትችላለች። የክትባት ካርዱ በጉዞ ላይ ከጠፋ መዝገቡ በቀድሞው ጤና ጣቢያ ቀርቷል፤ ቀጠሮው ማለፉን አይታ ቤቷ ድረስ የምትፈልጋት ባለሙያም እዚያው ናት።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ትልቁ ጥንካሬ ባለሙያዋ የየቤቱን ሰው ለይታ ማወቋ ነው። ነገር ግን አሠራሩ በቀበሌው ተረጋግቶ የሚኖረውን አባወራ መሠረት ያደረገ በመሆኑ፣ በኪራይ ቤት ለጥቂት ወራት የምታርፍ እናትና ልጆቿ አጎበር ሲታደልም ሆነ የቤት ለቤት ጉብኝት ሲታቀድ በቀላሉ ይዘለላሉ። ይህም ሕይወት የሚያስከፍል ጉዳይ ነው። በደጋ የተወለደ ሕፃን አባቱ ወደ መተማ ወይም ወደ ጋምቤላ ሲመደብ ተከትሎ ቢሄድ ሰውነቱ ወባን አያውቃትም፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ያለ አጎበር ካደረ በቶሎ ይታመማል፣ ሕመሙም ይጠናበታል። እናቶች ትኩሳቱን እንደ ደጋው ጉንፋን ቆጥረው ቤት ሲያስታምሙ ቆይተው ልጁ ከደከመ በኋላ ይዘውት ሲመጡ ማየት እጅግ ያሳዝነኝ ነበር።

ሠራዊቱ የራሱ ሆስፒታሎችና ሐኪሞች አሉት፤ ሥራቸውንም አከብራለሁ። ልጁ ሳይታመም የሚደረገው ጥበቃ ግን በየቀበሌው ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ እጅ ስለሆነ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ አሠራር ያስፈልጋል። ለአባሉ የዝውውር ደብዳቤ ሲጻፍ የልጆቹን ዕድሜ፣ የክትባት ሁኔታና የሚከታተሉት ሕክምና ካለ የሚገልጽ አንድ ገጽ አብሮ ቢዘጋጅ፣ ተቀባዩ ክፍል ያለው የጤና ባለሙያም ቅጂውን በአቅራቢያው ላለው ጤና ጣቢያ ቢያደርስ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም። እናቲቱ ራሷ ወታደር ሆና ልጇን ለአያቱ ትታ ወደ ግዳጅ ስትሄድም ይኸው ወረቀት አያት ወዳለችበት ቀበሌ መላክ ይኖርበታል። ግዳጅ ላይ ያለ ወላጅ ስልክ እንኳ በማይሠራበት ቦታ ሊሆን ስለሚችል፣ ኃላፊነቱን ለቤተሰቡ ብቻ መተው ፍትሐዊ አይደለም።

የጤና ሚኒስቴርና የመከላከያ ሚኒስቴር በዚህ ጉዳይ ተነጋግረው ሥራውን በወባማ አካባቢዎች ካሉት ካምፖች፣ ከመጪው መስከረም በፊት እንዲጀምሩት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንዲት የጤና ባለሙያ