እቁባችን እንዳይፈርስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው እቁብ የሚያፈርሰው፣ ቀድሞ ዕጣ የወጣለት ሰው መክፈል ማቆሙ ነው። 20 ሰው በወር 1,000 ዶላር ቢጥል፣ የመጀመሪያው ባለዕጣ ከሚቀበለው 20,000 ውስጥ የራሱ 1,000 ብቻ ነው፤ 19,000ው የሰው አደራ ነው። ስለዚህ ዳኛው ገንዘቡን ከማስረከቡ በፊት፣ ገና ያልደረሳቸው ሁለት አባላት ዋስ ሆነው ይፈርሙ። ዕጣውን የወሰደ ሰው ዋስ ቢሆን የሚያዝበት ነገር የለም።

ሌላው የባንክ ጉዳይ ነው። በአንድ ቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል። ይህ ጥፋት አይደለም። ወንጀሉ ሪፖርቱን ለመሸሽ ብሎ 9,000፣ 9,000 እየከፋፈሉ ማስገባት ነው። በፍርሃት ይህን የምታደርጉ ወገኖች፣ እባካችሁ ተዉት! ሙሉውን በአንድ ጊዜ አስገቡ፤ ከጸሐፊው መዝገብም ቅጂ ያዙ።

የእቁብ ጸሐፊዎች፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ