«ኦርጋኒክ» የሚለውን ሰሌዳ ለምን አወረድኩት?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በአዳማ ከተማ ፍራንኮ አካባቢ ለ11 ዓመታት አትክልት ስቸረችር የኖርኩ ነጋዴ ነኝ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በየአትክልት ቤቱና በየሱፐርማርኬቱ በር ላይ «ኦርጋኒክ»፣ ማለትም ያለ ሰው ሠራሽ ኬሚካል የበቀለ፣ የሚል ጽሑፍ እየበዛ መምጣቱን አንባቢዎቻችሁ ሳይታዘቡ አልቀሩም፤ እኔ ግን ከጻፉት ወገን ነበርኩ። በአረንጓዴ ቀለም ያስጻፍኩት ሰሌዳ በሱቄ በር ላይ ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ተሰቅሎ የቆየ ሲሆን፣ በእሱ ሰበብ በቲማቲምና በቃሪያ ላይ በኪሎ 10 ብር ጨምሬ ሸጫለሁ። ሰሌዳውን ሳስጽፍ ማስረጃ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ዕቃዬ ከቆቃና ከሎሜ፣ ማለትም ከደጃችን የሚመጣ በመሆኑ፣ ከሩቅ ያልመጣና በቆርቆሮ ያልታሸገ ነገር ሁሉ ኦርጋኒክ ይመስለኝ ነበር።

ሰሌዳውን ያስወረደኝ አንድ ጥያቄ ነው። ደንበኛዬ የሆኑ አንዲት እናት አንድ ማለዳ ከሳጥኑ ውስጥ ቲማቲም አንሥተው፣ ግንዱ በነበረበት ስርጉድ ውስጥ የተጋገረውን ቢጫማ ዱቄት በጥፍራቸው ጫር አደረጉና «ልጄ፣ ይኼ የምን አቧራ ነው?» አሉኝ። አቧራ አለመሆኑን አውቅ ነበር። ሳጥን እንደ ወረደ ቲማቲሙን በእርጥብ ጨርቅ እየወለወሉ መደርደር የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ ያን ዕለት ግን ጨርቁ ከላይኛው ረድፍ አላለፈም ነበር። «እትዬ፣ የማሳ አፈር ነው» ብዬ መለስኩላቸው። እሳቸውም ምንም ሳይናገሩ አንድ ኪሎ አስመዝነው ሄዱ። ተከራክረውኝ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልከነከነኝ።

በሳምንቱ ዕቃ ወደሚልክልኝ ገበሬ ማሳ ወደ ቆቃ ሄድኩ። በዚያ አካባቢ ፀረ ተባይም ሆነ ፀረ ሻጋታ ኬሚካል የሚጠራው «መድኃኒት» ተብሎ ነው፤ በዚህ ስም የሚጠራን ነገር ደግሞ ማን ይፈራል? ሰውየው ምንም አልደበቁኝም። ከደቡብ አሜሪካ የተነሣው ቱታ አብሶሉታ የተባለው የቲማቲም ተባይ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ያለ መድኃኒት አንድ ሳጥን እንኳ መልቀም እንዳልቻሉ፣ ዝናብ ሲሆን ደግሞ ቅጠሉን የሚያቃጥለው ሻጋታ እንደሚጨመርበት አስረዱኝ። ይህን ሲነግሩኝ ለመውቀስ አንደበት አልነበረኝም፤ የተከራዩት መሬት፣ ለውሃ መሳቢያው ሞተር የሚገዙት ነዳጅና የቀን ሠራተኛው ሁሉ ከዚያው ቲማቲም የሚከፈል ነው።

ያስደነገጠኝ ቀኑን ስጠይቃቸው የሰጡኝ መልስ ነው። የመጨረሻውን የረጩት ረቡዕ ነበር፤ የለቀሙት ዓርብ። «ደላላው ዓርብ መኪና አመጣለሁ ካለ ዓርብ ይለቀማል፤ ቲማቲም ዋጋ ሲያገኝ ቀን አይቆጠርለትም» አሉኝ። የረጩትን ኬሚካል እንዲያሳዩኝ ስጠይቃቸው ከጎጇቸው ጥግ ያወጡት በተለምዶ ሃይላንድ በምንለው ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ የተቀዳ፣ ስምም ምልክትም የሌለው ፈሳሽ ነበር። ሙሉውን ጠርሙስ ለመግዛት አቅም ስላልነበራቸው ከቸርቻሪ በልክ አስቀድተው የገዙት ነው።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በሕጋዊ መንገድ የተመዘገበ ፀረ ተባይ ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ ስንት ቀን መጠበቅ እንደሚገባ በመለያው ላይ ተጽፎበታል፤ በመለያው ግርጌ ያለው ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መስመርም የመርዛማነቱን ደረጃ ያመለክታል። ኬሚካሉ በሃይላንድ ሲገለበጥ ይህ ሁሉ ጠርሙሱ ላይ ይቀራል። ማንኮዜብን የመሳሰሉት ፀረ ሻጋታዎች በፍሬው ላይ ላዩን ስለሚቀሩ በደንብ ማጠብ ይቀንሳቸዋል፤ ሜታላክሲልን የመሳሰሉት ግን ወደ ተክሉ ውስጥ ስለሚሰርጹ የእኔ ጨርቅም ሆነ የእመቤቶቻችን አቼቶ አያወጣቸውም። የሚያበርዳቸው ጊዜ ነው፤ እኛ የምንሻማው ደግሞ ያንኑ ጊዜ ነው። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ይህን ያህል ዓመት ካስቆጠረ በኋላ ሰው አሁንም በሃይላንድ የሚገዛ ከሆነ፣ አዋጁ ከመጽሐፍ መደርደሪያ ወደ ገበያ አልወረደም ማለት ነው።

«ኦርጋኒክ» የሚለው ቃልም ቢሆን ባለቤት የሌለው ቃል አይደለም። የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። የሲዳማና የይርጋጨፌ ገበሬዎች በማኅበሮቻቸው በኩል ኦርጋኒክ ብለው ወደ ውጭ የሚልኩት ቡና ማሳው ተመዝግቦ፣ ተቆጣጣሪ ተመላልሶበት ነው ያን ስም የሚያገኘው፤ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ቀድሞ ኬሚካል የነካው መሬት ለዓመታዊ ሰብል 2 ዓመት፣ እንደ ቡና ላለ ቋሚ ተክል 3 ዓመት የመሸጋገሪያ ጊዜ መቆየት አለበት። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን በቡናችን ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ግዢዋን ስታቀዘቅዝ፣ ችግሩ የመጣው ከጆንያው ነው ተብሎ ብዙ ሥራ ተሠርቶ ነበር። ለሩቅ ገዢ ጆንያ እንኳ ሲመረመር፣ አዳማ ላይ ቲማቲም የሚገዛ ሰው አንድ ጥያቄ የሚጠይቅለት አላገኘም።

ከቅርብ መምጣቱም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የሞጆ ወንዝ የፋብሪካ ፍሳሽ ይዞ ወደ ቆቃ ሐይቅ እንደሚገባ የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በከተማችን ስም የተሰየመው፣ የመልካሳ ምርምር ማዕከል ያወጣው «አዳማ ሬድ» ሽንኩርትም ቢሆን ዘሩ የእኛ መሆኑ የጠጣውን ውሃ አያጠራለትም። ይሁን እንጂ ማሳው ቅርብ ሲሆን ሄዶ ማየት ይቻላል፤ እኔ በግማሽ ቀን ደርሼ ተመልሻለሁ። በብራዚልና በሕንድ ትንንሽ ገበሬዎች ውድ የሆነውን የምስክር ወረቀት ሳይገዙ፣ ገዢዎችና ጎረቤት ገበሬዎች አንዱ የሌላውን ማሳ እየጎበኙ ቃል የሚገባቡበት ሥርዓት መንግሥታዊ ዕውቅና አግኝቷል። ለእኛ ገበያ ይህ እንኳ ለጊዜው ይበዛ ይሆናል።

ስለዚህ ለከተማችን ግብርናና ንግድ ጽሕፈት ቤቶች የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። አትክልት ጭኖ ወደ ገበያ የሚገባ መኪና ሁሉ ማሳው የት እንደሆነ፣ መጨረሻ የተረጨው ኬሚካል ምን እንደሆነና የተረጨበት ቀን የተጻፈበት አንዲት ብጣሽ ወረቀት ይያዝ። ለኮቴ የሚቆረጥ ደረሰኝ እስካለ ድረስ ለዚህ የሚሆን ወረቀት አይጠፋም። ገበሬው ሊዋሽ ይችላል የሚሉኝ አሉ፤ ሊዋሽ ይችላል፣ ነገር ግን ዛሬ የሚጠይቀው እንኳ ስለሌለ መዋሸት አላስፈለገውም። ሸማቾችም «ኦርጋኒክ ነው ወይ?» ከማለት ይልቅ «መቼ ተረጨ?» ብትሉን እኛም ደላላውን ለመጠየቅ እንገደዳለን።

እኔ አረንጓዴውን ሰሌዳ አውርጄ በምትኩ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅያለሁ፤ የጨመርኩትን 10 ብርም ቀንሻለሁ። በጠመኔ የምጽፈው የመጣበትን ቦታና ከተረጨ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ ነው። የቆቃው ገበሬ አሁን ቀኑን በስልክ ይነግሩኛል፤ አንድ ጊዜም «ሦስት ቀን ይቅረው» ብለው ደላላውን መልሰውታል። ከሌሎች የምረከበውን ግን ሁልጊዜ ማወቅ አልቻልኩም፤ ባለፈው ሳምንት ከተቀበልኳቸው አምስት ጭነቶች በሁለቱ ላይ የጻፍኩት «አይታወቅም» የሚል ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአትክልት ቸርቻሪ
ከአዳማ