የፓይሬትስ ክብረ ወሰኖች ከሜዳቸውና ከሕጋቸው ጋር ይታተሙ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

የአሜሪካው የቤዝቦል ቡድን የፒትስበርግ ፓይሬትስ ታሪካዊ ተጫዋቾችን ክብረ ወሰን በስፖርት ገጻችሁ በሠንጠረዥ ማቅረባችሁ፣ ስለ ቤዝቦል በአማርኛ የማንበብ ዕድል እምብዛም ለማናገኝ ሰዎች ትልቅ ደስታ ነው። ይሁን እንጂ ሠንጠረዡ ስምና ቁጥርን ብቻ ጎን ለጎን ስለደረደረ፣ ቁጥሩ በምን ዓይነት ሜዳ፣ በየትኛው ሕግና እነማን እንዲጫወቱ በተፈቀደበት ዘመን እንደተመዘገበ አንባቢው ማወቅ አይችልም። ይህ ጉድለት ወደ ተሳሳተ ንጽጽር ይመራል ብዬ ስለማምን ነው የምጽፍላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሜዳው ልጀምር። ቺፍ ዊልሰን በ1912 በአንድ የውድድር ዘመን 36 ትሪፕል፣ ማለትም መቺውን በአንድ ጊዜ ሦስተኛው ቤዝ (የሩጫ ማረፊያ) ላይ የሚያደርስ ምት፣ አስመዝግቧል፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም ማንም አልደረሰበትም። ቡድኑ ከ1909 እስከ 1970 የተጫወተበት ፎርብስ ፊልድ እጅግ ሰፊ ነበር፤ አጥሩ በጥልቁ በኩል ከመቺው መቆሚያ ወደ 140 ሜትር ገደማ ይርቅ ስለነበር፣ ዛሬ ከአጥር በላይ አልፈው ሆም ራን (መቺው ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ ነጥብ የሚያስቆጥርበት ምት) የሚሆኑ ብዙ ምቶች በዚያን ጊዜ ሜዳው ውስጥ ይቀሩ ነበር። በሠንጠረዣችሁ ከዊልሰን ዝቅ ብሎ የተጠቀሰው ራልፍ ካይነር ደግሞ ከ1946 እስከ 1952 ለሰባት ተከታታይ ዓመታት ፓይሬትስ በሚጫወትበት በናሽናል ሊግ በሆም ራን ብዛት መሪነቱን ይዟል ወይም ተጋርቷል። በ1946 ያስቆጠረው 23 ሲሆን፣ በ1947 ወደ 51 ከፍ ብሏል። በዚያው ዓመት ቡድኑ ሃንክ ግሪንበርግ የተባለውን መቺ አስፈርሞ፣ ለእርሱ እንዲመች የግራውን አጥር በዘጠኝ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስጠግቶት ነበር። ይህን የምለው የካይነርን ችሎታ ለማሳነስ አይደለም፤ አጥሩ ሳይቀርብም የሊጉ መሪ ነበርና። ነገር ግን የዊልሰን 36 እና የካይነር 51 በአንድ ሜዳ፣ ግን በሁለት የተለያዩ ስፋቶች እንደተገኙ አንባቢ ሊያውቅ ይገባል።

ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ የቡድኑ ኳስ ወርዋሪ የሃርቪ ሃዲክስ ስም ፈጽሞ አለመጠቀሱ ነው። ሃዲክስ ሜይ 26 ቀን 1959 በሚልዋኪ ከተማ፣ ሃንክ አሮንና ኤዲ ማቲውስ ከተሰለፉበት ከብሬቭስ ቡድን ጋር በተደረገው ጨዋታ፣ ለ12 ኢኒንግ (ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር) በተከታታይ የቀረቡትን 36 መቺዎች አንድም ሰው ቤዝ ሳያስረግጥ መለሳቸው። አንድ ወርዋሪ ፍጹም ጨዋታ አደረገ ለመባል 27 ሰው መመለስ ይበቃዋል። የራሱ ቡድን በዚያ ምሽት 12 ሂት፣ ማለትም መቺውን ቤዝ የሚያደርስ የተሳካ ምት፣ ቢያገኝም አንድ ነጥብ እንኳን ማስቆጠር አልቻለም፤ የብሬቭሱ ሉ በርዴትም 13ቱንም ኢኒንግ ብቻውን ወርውሮ ጨረሰ። በ13ኛው ኢኒንግ በአንድ የመከላከል ስህተት የመጀመሪያው ሰው ቤዝ ደረሰ፤ ቀጥሎም የብሬቭሱ ጆ አድኮክ ሂት አስመዝግቦ ጨዋታው 1 ለ 0 ተጠናቀቀ። በ1991 የሊጉ የስታቲስቲክስ ኮሚቴ ያለ ሂት የተጠናቀቀ ጨዋታ የሚባለው እስከ መጨረሻው ድረስ ሂት ያልተመዘገበበት ብቻ እንዲሆን በመወሰኑ፣ የሃዲክስ ሥራ ከዚያ ዝርዝር ወጣ። ሕጉን ማክበር ተገቢ ነው፤ ሆኖም በፓይሬትስ ታሪክ ከታየው የአንድ ወርዋሪ ሥራ ሁሉ ይህን የሚያክል አላውቅም፤ በሰው ልጅ ትዕግሥትና ትክክለኛነትም ዘወትር ያስደንቀኛል።

ጠቅላላ ድምር ብቻውን ውጤትን እንደማይናገር የ1960ው ወርልድ ሲሪስ (የዓመቱ የፍጻሜ ውድድር) በደንብ ያሳያል። ኒው ዮርክ ያንኪስ በሰባቱ ጨዋታዎች 55 ነጥብ ሲያስቆጥር ፓይሬትስ ያስቆጠረው 27 ብቻ ነበር፤ ያንኪስ ባሸነፈባቸው ሦስት ጨዋታዎች ውጤቱ 16 ለ 3፣ 10 ለ 0 እና 12 ለ 0 ስለነበር ነው። ዋንጫውን ግን የወሰደው በሰባተኛው ጨዋታ 10 ለ 9 ያሸነፈው ፓይሬትስ ነው። የመጨረሻዋን ሆም ራን የመታው ቢል ማዜሮስኪ በሠንጠረዣችሁ ያለው 138 ሆም ራን ይዞ ከታች ነው። የእርሱ ትልቁ ሥራ በመከላከል ላይ ነበር፤ የሁለተኛ ቤዝ ተጫዋች ሆኖ በ1,706 ደብል ፕሌይ (በአንድ ጊዜ ሁለት ተጋጣሚዎችን የማስወጣት ጨዋታ) ተሳትፏል፣ ለምርጥ ተከላካይ የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት ሽልማትንም ስምንት ጊዜ አግኝቷል። የመቺዎችን ቁጥር ብቻ በያዘ ሠንጠረዥ እንዲህ ያለ ሰው ተራ ተጫዋች መስሎ ይታያል።

በዚያው በፎርብስ ፊልድ የጥቁር ተጫዋቾች ቡድን የሆነው ሆምስቴድ ግሬይስም ይጫወት እንደነበር፣ ከመቺዎቹም አንዱ ጆሽ ጊብሰን እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። ጥቁር በመሆኑ ፓይሬትስ ሊያሰልፈው አልቻለም፤ ቡድኑ የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው በ1954 ነው። ሜጀር ሊግ ቤዝቦል በሜይ 2024 ጥቁር ተጫዋቾች ተለይተው ይጫወቱባቸው የነበሩትን የኔግሮ ሊጎችን መዝገብ ከራሱ ጋር ሲያዋህድ፣ ጊብሰን በ0.372 የመምታት አማካይ፣ እስከዚያ ቀዳሚ የነበረውን ታይ ኮብን አልፎ በዘመናት ሁሉ የመጀመሪያው ሆኗል። ስለዚህ ጥቁር ተጫዋቾች እንዲጫወቱ ከመፈቀዱ በፊት ያሉትን የፓይሬትስ ክብረ ወሰኖች ስናነብ፣ ከአንዳንድ ታላላቅ ተጫዋቾች ጋር ሳይፎካከሩ የተገኙ መሆናቸውን ልንዘነጋ አይገባም።

በመጨረሻም የሮቤርቶ ክሌሜንቴ 3,000 ሂት። ክሌሜንቴ ይህን ቁጥር የሞላው ሴፕቴምበር 30 ቀን 1972 ሲሆን፣ ኦክቶበር 3 ቀን ደግሞ ለመከላከል ብቻ ገብቶ በቡድኑ ማሊያ 2,433 ጨዋታ በማድረግ ከቀድሞው የቡድኑ ተጫዋች ከሆነስ ዋግነር ጋር እኩል ሆነ። ዲሴምበር 31 ቀን ለኒካራጓ የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎጂዎች እርዳታ የጫነው አውሮፕላን በፖርቶ ሪኮ አቅራቢያ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ አብሮ ሞተ፤ ዕድሜው 38 ነበር። ቁጥሩ 3,000 ላይ የቆመው በዚህ ምክንያት መሆኑ ከስሙ ጎን በአንዲት አጭር መስመር ሊጻፍ ይችል ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ስታዘጋጁ፣ ሜዳውን፣ በሥራ ላይ የነበረውን ሕግና የዘመኑን ሁኔታ በአጭሩ የሚገልጽ አንድ የማስታወሻ ዓምድ እንድትጨምሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እንዲህ ከሆነ ሃዲክስም በቁጥር ዓምዱ ቦታ ቢያጣ እንኳን በማስታወሻው ዓምድ ስሙ ይገኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ