የአውቶሞቲቭ ክበብ፦ ከመሪዋ ጋር የተጣላችው ላዳ

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ 23 ተማሪዎች ተመዘገቡ፤ ሰኔ ላይ የቀሩት 14 ናቸው። የሄዱትን አልወቅስም። መንዳት እንማራለን ብለው መጥተው ብረት በናፍጣ ሲያጥቡ ነው የከረሙት።

የሠራንባት መኪና የአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪያችን አያት ለዓመታት ታክሲ የሠሩባት ሰማያዊና ነጭ ላዳ ናት። ልጆቹ መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ ያማራቸው ስፖርት መኪና ነበር። የላዳ መሠረቷ የጣሊያኑ ፊያት 124 መሆኑን፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ቱሪን ላይ የታየው ጣሪያው የሚከፈት 124 ስፖርት ስፓይደርም የዚያው ቤተሰብ እንደሆነ፣ የሁለቱም መሪ ዎርምና ሮለር በሚባሉ ተናካሽ ክፍሎች እንደሚሠራ ስነግራቸው ፊታቸው ፈታ አለ። ከዚያ ወዲህ ስሟ “ስፓይደሯ” ሆኖ ቀረ።

ሕመሟ መሪዋ ላይ ነበር። ጎማው ንቅንቅ ሳይል መሪው ጠርዙ ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ከ2 ሴንቲ ሜትር ማለፍ አልነበረበትም። አባባ ግን “እኔ እኮ ለምጄዋለሁ” አሉን።

የመሪው ሳጥን በግራ በኩል በሦስት ብሎን ታስሯል። እሱን መፍታት ቀላል ነው። ከሥሩ ወጥቶ ጎማዎቹን የሚያዞሩትን ዘንጎች፣ ቲራንቲዎቹን፣ የሚገፋውን ክንድ ለማላቀቅ ግን ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። በመዶሻ እንበለው ያለ አልጠፋም፤ እኔም ክንዱን ስቦ የሚያላቅቅ መሣሪያ፣ ፑለር፣ ተውሼ እስክመጣ ድረስ መዶሻውን ደበቅሁት።

የመጀመሪያው ስህተት ግን የእኔ ነው። ሳጥኑን ከፍተን አጠብን፣ የዘይት ማገጃ ጎማዎቹን ቀየርን፣ መልሰን ገጠምን። ከዚያ መሪውን ቀጥ አድርገን፣ ልቅነቱ እስኪጠፋ ከክዳኑ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን በካቻቢቴ አጠበቅን። እኔም አይቼ “ጥሩ ነው” አልኩ። ግቢ ውስጥ ቀጥ ብላ ስትሄድ እልል ተባለላት፤ ኩርባው ላይ ግን መሪው ታንቆ ቀረ። በጉልበት ካልመለሱት አይመለስም።

እንደገና ፈታን። ዎርሙ ወገቡ የቀጠነ ጥምዝ ጥርስ ያለው ዘንግ ነው፤ ሮለሩ ጥርሶቹ ላይ እየተንከባለለ መሪውን ወደ ክንዱ ያደርሳል። መኪና አብዛኛውን ዕድሜዋን የምትሄደው ቀጥታ ስለሆነ መሐሉ ይበላል፣ ዳርና ዳሩ እንደ አዲስ ይቆያል። ብሎኗ ሮለሩን ወደ ዎርሙ ታስጠጋዋለች። የተበላው መሐል እስኪሞላ ካስጠጋችው ያልተበላው ዳር ላይ ያንቀዋል። ሮለሩን እያንዳንዱ ልጅ በጥፍሩ እንዲዳስሰው አደረግሁ፤ ጉድጓዶቹ ከዓይን ይልቅ ለጥፍር ይታወቃሉ።

የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድን። አንድ ነጋዴ “ዎርሙን ብቻ ውሰዱ፣ በአሮጌው ሮለር ይሠራል” ቢለንም፣ አብረው ያልለመዱ ጥርሶች ስለማይስማሙ ብዙም ያልተበላ ሙሉ ሳጥን ገዛን። ክበቡ ቆሎና ሻይ ሸጦ ያገኘው ገንዘብ በዚሁ አለቀ።

በሁለተኛው ዙር የእጅ ስሜትን አላመንንም። ከፊዚክስ ቤተ ሙከራ የኒውተን ሚዛን ተውሰን፣ ዎርሙ ዘንግ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ክንድ አሰርን። ሮለሩ ሳይገባ ዎርሙ ኩሽኔታዎቹ ላይ ብቻ ሲዞር ሚዛኑ ከ2 እስከ 5 ኒውተን ማሳየት አለበት። 9 አሳየን፤ በጣም ጠብቋል! ከታችኛው ክዳን ሥር ወረቀት የሚያህሉ ስስ የብረት ቀለበቶች አሉ፤ ባለ 0.10 ሚሊ ሜትሩን አንድ ጨመርን፣ ወደ 4 ወረደ። ሮለሩ ከገባ በኋላ መሐል ላይ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ 30 ዲግሪ ድረስ፣ ከ7 እስከ 9 ኒውተን ይፈለጋል፤ ከዚያ ወዲያ ቀስ እያለ ወደ 5 መውረድ አለበት። ሚዛኑን የያዘችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ማንንም አላስነካችም። “ስምንት… ስምንት… ሰባት… ስድስት… አምስት!” ስትል ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ዘይቱንም በኬሚስትሪ መስፈሪያ ለክተን 215 ሚሊ ሊትር ሞላን።

መሪውን ስንፈታ ምልክት ማድረግ ስለረሳን ቀጥ ስትሄድ መሪው ተንጋዶ ነበር። ከጥግ እስከ ጥግ ዙሩን ቆጥረን ለሁለት ከፍለን አስተካከልነው። ቀጥሎ የፊት ጎማዎቹን አላይመንት በሲባጎ ለካን። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ከፊት በኩል ከኋላው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር መጥበብ አለበት፤ ይህ ግን አራት ሰው ተቀምጦ፣ የኋላ ዕቃ መጫኛዋ ውስጥ 40 ኪሎ ተጭኖ ነው። አሮጌ መማሪያ መጻሕፍት መዝነን ጫንን። ማን ይቀመጥ በሚለው የተነሳው ጭቅጭቅ ከሥራው በላይ ጊዜ ወሰደ።

በሰኔ መጀመሪያ አባባ መጥተው ነዷት። ከኩርባው ሲወጡ መሪውን ለቀቅ አደረጉት፤ በራሱ ጊዜ ወደ መሐል ተመለሰ። “ውይ፣ እንግዳ ሆነችብኝ!” አሉ፣ ደግመውም ዞሩ። የእግር ፍሬኗ ገና ስላልተሠራ በአንደኛ ማርሽ ብቻ ነው የሄዱት፤ ሁለት ልጆችም ድንጋይ ይዘው ጎን ለጎን ይሮጡ ነበር።